የሕሙማን መንፈሳዊነት ሊለካ ይችላልን?

ሐኪም ትኩሳትንና የደም ግፊትን በመሣሪያ ይለካል። በካንሰር ሕመም የሚሠቃይ ሰው ነፍስ ያለችበትን ሁኔታስ በቁጥር መግለጽ ይቻላልን? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የማስታገሻ ሕክምናን ምንነት ሲወስን፣ የሥጋን ሕመም ከማስታገሥ ጋር መንፈሳዊውን ችግር መርምሮ መርዳትንም ጨምሮአል።

በዚያው ዓመት የታተመው ፋሲት-ኤስፒ የተባለ መጠይቅ 12 ዐረፍተ ነገሮች አሉት። ሕመምተኛው ስለ ሕይወቱ ትርጉም፣ ስለ ውስጣዊ ሰላሙና ስለ እምነቱ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል። ለአፍሪካ ሕሙማን የተዘጋጀ ሌላ መጠይቅ ደግሞ ባለፉት 3 ቀናት ሰላም ይሰማቸው እንደ ነበረ ጠይቆ መልሱን ከ0 እስከ 5 ይመዘግባል።

ካልተጠየቀ የማይነገር ሥቃይ ስላለ መለኪያዎቹ ይጠቅማሉ። ሆኖም ወሰን አላቸው። ጸጋ የእግዚአብሔር ስጦታ እንጂ የነጥብ ድምር አይደለም። ነጥቡ ዝቅ ያለ ሰው ሁሉ እምነቱ ደከመ አይባልም፤ ጻድቁ ኢዮብ በመከራው ከአምላኩ ጋር ተሟግቶአል፤ ጌታችንም በጌቴሴማኒ ተጨንቆአል። ከፍ ያለ ነጥብም ሁልጊዜ የሰላም ምልክት አይደለም። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የታመመውን ሰው «እንዴት ሰነበቱ?» ብንለው «ተመስገን» ይለናል። ቃሉ እውነተኛ ምስጋና ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ጠያቂን ላለማስጨነቅ የተዘረጋ መጋረጃ ነው። ከበስተኋላው «ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል? እግዚአብሔር ቀጥቶኝ ይሆን?» የሚል ጭንቀት ሊኖር ይችላል።

ስለዚህ ሕሙማንን የሚጎበኝ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር፦

1. ከአልጋው አጠገብ ተቀምጦ «ልብዎ ሰላም አለው? የሚያስጨንቅዎ ምንድር ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም ሳያቋርጥ ያድምጥ።

2. ሕመሙን የኃጢአት ቅጣት ነው አይበል። ሕመም ማስታገሻ መውሰድም የእምነት ጉድለት አይደለም፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2279 የማስታገሻ እንክብካቤን የፍቅር ሥራ ብሎ ያበረታታል።

3. ካህን ለመጥራት የመጨረሻዋን ሰዓት አይጠብቅ፤ ምሥጢረ ቀንዲል በጽኑ ለታመመ ሁሉ እንጂ ለሚያጣጥር ብቻ አይደለም።

4. በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት በሕመም ጊዜ ይጠያየቃሉ። ሙስሊሙን ሕመምተኛ ሲጠይቅ እምነቱንና ጸሎቱን አክብሮ ያድምጥ፤ ድካሙን የስብከት አጋጣሚ አያድርገው።

ቁጥር የሚያሳየን ሕመምተኛው ሊነግረን የፈቀደውን ብቻ ነው። የቀረውን የሚነግረን ደግሞ ደጋግሞ ለሚጠይቀውና ለሚታመነው ወዳጁ ነው።

ለውይይት፦ በቁምስናችን በካንሰር ታሞ የተኛ ማን ነው? ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቅነው መቼ ነው? ምን ነገረን?