በፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበር ውስጥ የሚገባው ማን ነው?

የሠራተኞች ማኅበር ምን እንደሆነ ሁላችንም በትምህርት ክፍለ ጊዜ ሰምተናል። ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር ተቀምጦ ስለ ደመወዝ፥ ስለ ሥራ ሰዓት፥ ስለ ዕረፍትና ስለ ሥራ ልብስ ይነጋገራል፤ ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበትም ነገር በጽሑፍ ሲሰፍር የኅብረት ስምምነት ይባላል። ይህን ያህሉ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ከመነጋገሩ በፊት መልስ የሚያሻው አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «ማኅበሩ የሚናገረው ስለ እነማን ነው?» የሚለው ነው። በአንድ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ሲወጣና ሲገባ የሚውለው ሰው ሁሉ ሠራተኛ አይደለም፤ ሠራተኛ የሆነውም ሁሉ የዚያው ፋብሪካ ሠራተኛ ላይሆን ይችላል።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ቢኬድ፥ ከኢጣልያ በተገኘው የጦር ካሣ በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይገኛል። ወደ ኮምቦልቻና ወደ ደብረ ብርሃን ፋብሪካዎችም ከአገራችን ወጣቶች ለሥራ የሚሄዱ አሉ። ወጣቱ የሥራ ውሉን ሲፈርም የሚመለከተው የደመወዙን ቁጥር ነው፤ ከቁጥሩ በላይ የተጻፈውን የሥራ መደቡን ስም ግን ብዙ ጊዜ ሳያስተውለው ያልፋል። ወደ ፊት እንደምናየው ያ ስም ብዙ ነገር ሊያመጣ ይችላል።

ስለ ቁጥር ካነሣን፥ ሕጋችን በየዘመኑ ማኅበር ለማቋቋም የሚያስፈልገውን የሠራተኛ ቁጥር ሲቀንስ መጥቷል። በ1955 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ሃያ ሁለት የሠራተኛ ቡድኖችን የያዘው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በመንግሥት ዘንድ ታወቀ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ስለ መደራጀትና ስለ ኅብረት ድርድር የተደነገጉትን 87ኛውንና 98ኛውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነቶች ተቀበለች። በ1956 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 210 ግን ማኅበር የፈቀደው ሃምሳ ሠራተኞች ላሉበት ድርጅት ነበር። በ1985 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 42 ቁጥሩ ሃያ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 377 ደግሞ አሥር ሆነ። አሁን የሚሠራበትና በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156ም አሥሩን አጽንቶታል።

ሠራተኛ ማለት ማን ነው ቢሉ፥ ሕጉ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፤ በደመወዝ፥ ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ፥ በአሠሪው አመራር ሥር ሆኖ ለመሥራት ተስማምቶ የገባ ሰው። «ተስማምቶ» የሚለውን ቃል ልብ ይሏል። በከተማችን አጠገብ በጋፋት፥ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ማብቂያ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን አሰባስበው ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አሠርተው ነበር። ጋፋትን የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ፋብሪካ ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን እነዚያ ባለሙያዎች ሥራውን ትተው እንደ ፈቀዱ ለመሄድ ነጻ አልነበሩም፤ በ1860 ዓ.ም. መድፉን በገደልና በሸለቆ እስከ መቅደላ የጎተተውም ሠራዊት በቅጥር አልነበረም። ስለዚህ ጋፋት እሳትና ብረት እንጂ በዚህ ትርጉም ሠራተኛ አልነበረውም ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ምሳሌ እንምጣ። በደብረ ታቦር አንድ የዱቄት ፋብሪካ አለ እንበል። በግቢው ውስጥ ሥራ አስኪያጅ፥ የምርት ክፍል ኃላፊና የአስተዳደር ክፍል ኃላፊ አሉ፤ እነዚህ ሦስት ናቸው። ሦስት የፈረቃ መሪዎች፥ ሁለት መካኒኮች፥ በማሽን ላይ የሚሠሩ አሥራ ስምንት ሰዎች፥ ዱቄት በከረጢት የሚሞሉና የሚሰፉ ዘጠኝ ሴቶች አሉ። አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ፥ አንዲት ጸሐፊ፥ አንዲት ገንዘብ ያዥና ሁለት ሾፌሮች ይጨመሩ። አዝመራ ገብቶ ስንዴ ሲበዛ ለአራት ወር የሚቀጠሩ ስድስት ጊዜያዊ ሠራተኞች አሉ። በር ላይ ከአንድ የጥበቃ ኤጀንሲ የተላኩ አራት ዘበኞች ይቆማሉ። ስምንት ጫኝና አውራጆችም በኩንታል እየተከፈላቸው መኪና ይጭናሉ። ሲደመር 58 ሰው ነው።

ከእነዚህ በቀላሉ የሚለዩት ሦስቱ አለቆች ናቸው። አዋጁ «የሥራ መሪ» የሚለውን ሰው ከሠራተኛ ይለያል። የሥራ መሪ ማለት የድርጅቱን የአመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም ሥልጣን የተሰጠው፥ ወይም ይህ ባይኖረውም ሠራተኛን የመቅጠር፥ የማዛወር፥ የማገድ፥ የማሰናበት ወይም የመመደብ ሥልጣን ያለው ሰው ነው፤ ለአሠሪው ጥቅም በራሱ አመዛዝኖ የአመራር ሐሳብ የሚያቀርብ የሕግ አገልግሎት ኃላፊም በዚሁ ይቆጠራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ሰው በጠረጴዛው በሁለቱም ወገን ሊቀመጥ አይችልም።

ጸሐፊዋስ? የሥራ አስኪያጁን ደብዳቤ ስለምትጽፍ ምስጢር ታውቃለች፤ ስለዚህ አንዳንድ አሠሪዎች ከማኅበሩ እንድትርቅ ይፈልጋሉ። አዋጁ ግን ምስጢር ማወቅን የሥራ መሪነት ምልክት አላደረገውም። ማንንም አትቀጥርም፥ ማንንም አታሰናብትም፤ ሠራተኛ ናት። ገንዘብ ያዥዋም እንዲሁ።

ከባዱ ነገር የፈረቃ መሪው ነው። ጧት ሲገባ «አንተ በዚህ ማሽን፥ አንቺ በዚያ» ብሎ ይደለድላል። የዘገየውን ይመዘግባል፥ ያጠፋውን ለምርት ክፍል ኃላፊው ያመለክታል። ሕጉ «የመመደብ ሥልጣን» ስላለ፥ አሠሪው «እንግዲህ ይህ ሰው ይመድባል፤ የሥራ መሪ ነው» ሊል ይችላል። እንደ እኔ አስተያየት ግን ይህ አነጋገር አይጸናም። በሕጉ ውስጥ መመደብ ከመቅጠርና ከማሰናበት ጋር በአንድ ረድፍ የተጻፈ ነው፤ ስለዚህ ሰውን በአንድ የሥራ ቦታ ላይ ማስቀመጥን እንጂ ኃላፊው ባወጣው ሰሌዳ መሠረት የዕለቱን ማሽን ማከፋፈልን አያመለክትም። ጥፋትን ማመልከትና በጥፋቱ ላይ መወሰንም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የፈረቃ መሪውን ጠይቁት፤ «ሰው ማባረር ትችላለህ?» ስትሉት «እኔ ምን አቅም አለኝ፥ ለአለቃ እነግራለሁ እንጂ» ይላችኋል። መልሱ በዚያ ውስጥ አለ።

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1935 በወጣው ሕግ፥ በአንድ ድርድር የሚጠቃለሉትን ሠራተኞች የሚለየው አንድ የመንግሥት ቦርድ ነው። ቦርዱም የሰዎቹን የጋራ ጥቅም ይመረምራል፤ ይኸውም ሥራቸው፥ ክፍያቸው፥ ሰዓታቸውና አለቃቸው አንድ መሆኑን ያያል። በዚያ አገር የፋብሪካ ፎርማኖችም እንደ ሌላው ሠራተኛ መደራጀት ፈለጉ። ፓካርድ የሚባለው የመኪና ፋብሪካ እምቢ ቢል፥ ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በመጋቢት 1947 ፎርማኖቹ ረቱ። ደስታቸው ግን ብዙም አልቆየም፤ በሰኔ ወር ታፍት ሃርትሊ የተባለው አዲስ ሕግ ወጥቶ ፎርማኖችን ከሠራተኛ ትርጉም አስወጣቸው። ያው ሕግ ዘበኞች ከሌሎቹ ሠራተኞች ጋር በአንድ ድርድር እንዳይጠቃለሉ ከለከለ፤ አድማ በተነሣ ጊዜ በሩን የሚጠብቅ ሰው ልቡ በሁለት እንዳይከፈል ነው። በ2006 ደግሞ ያው ቦርድ በአንድ ሆስፒታል ሁልጊዜ የተረኛ አለቃ ሆነው የሚሠሩ ነርሶችን የሥራ አለቆች ናቸው ብሎ ወሰነ። የተከራከሩበት ቃል ያው «መመደብ» ነበር።

የእኛ ሕግ ከአሜሪካው የሚለይበት አንድ ዋና ነገር አለ። በእነርሱ ዘንድ የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች በሙያቸው ተለይተው፥ መካኒኩ ለብቻ ጸሐፊው ለብቻ፥ ሊደራደሩ ይችላሉ። በእኛ ዘንድ ግን አጥሩ ድርጅቱ ራሱ ነው። ከአንድ በላይ ማኅበር ቢኖር እንኳ፥ ስለ ሁሉም የሚደራደረው ከድርጅቱ ሠራተኞች ከግማሽ በላይ የሆኑትን በአባልነት የያዘው ነው። ስለሆነም ጠቅላላው የሠራተኛ ቁጥር በትክክል መታወቁ ግድ ነው፤ አካፋዩ ሳይታወቅ ግማሹ አይታወቅምና። ዋናው መሥሪያ ቤቱ በሌላ ከተማ የሆነ ድርጅት ቅርንጫፍም በአሠራሩ ወይም በአደረጃጀቱ ራሱን የቻለ ከሆነ እንደ አንድ ድርጅት ይቆጠራል።

ወደ ዱቄት ፋብሪካችን እንመለስ። አራቱን ዘበኞች የቀጠራቸውና ደመወዝ የሚከፍላቸው ኤጀንሲው ነው፤ ሊደራደሩም የሚገባቸው ከእርሱ ጋር ነው። ከ2,600 ሜትር በላይ በሆነው በዚህ ደጋ፥ የጉና ንፋስ እየመታቸው ሌሊቱን ቆመው ሲያድሩ ካፖርት የሚጠይቁት ከፋብሪካው ሳይሆን ምናልባት አይተውት ከማያውቁት ሰው መሆኑ የሚያሳዝን ነው፤ ሕጉ ግን እንዲህ ነው።

ጫኝና አውራጆቹ በራሳቸው ማኅበር ተደራጅተው፥ ዛሬ እዚህ ነገ ገበያ ውስጥ የሚጭኑ ከሆነ፥ በራሳቸው ኃላፊነት የሚሠሩ ናቸውና የፋብሪካው ሠራተኞች አይባሉም። ነገር ግን ፋብሪካው በየቀኑ በሰዓት እያስገባ፥ ሲዘገዩ እየቀጣ፥ የሚያዛቸውም እርሱ ከሆነ፥ ክፍያው በኩንታል መሆኑ ብቻ ከሠራተኝነት አያስወጣቸውም። የሚታየው በማን አመራር ሥር እንደሚሠሩ ነው።

ስለ ስድስቱ ጊዜያዊ ሠራተኞች ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ በዚህ ጊዜ አጥፊው አሠሪው ብቻ አይደለምና። ሕጉ ጊዜያዊውን ሠራተኛ ከሠራተኛነት አላስወጣም። በሙከራ ላይ ያለው እንኳ፥ ሙከራው ከ60 የሥራ ቀን ሊበልጥ አይችልም፥ በሕግ ወይም በኅብረት ስምምነት በሌላ አኳኋን ካልተወሰነ በቀር የሌላውን ሠራተኛ መብት አለው። ሆኖም ቋሚ ሠራተኞች ራሳቸው «እነዚህ መንገደኞች ናቸው» ብለው ሲተዉአቸው ይታያል። በወንጂ፥ በ1946 ዓ.ም. ኤች.ቪ.ኤ. በተባለው የሆላንድ ኩባንያ ሥር ማምረት በጀመረው የስኳር ፋብሪካ፥ ሠራተኞቹ በአገራችን ቀድመው ከተደራጁት መካከል ነበሩ። ይሁን እንጂ ከከምባታና ከሐዲያ በየወቅቱ እየመጡ አገዳ የሚቆርጡት ሰዎች ቋሚው የሚያገኘውን ሁሉ አያገኙም ነበር። ጊዜያዊው ካልታቀፈ አሠሪው ቋሚው በወጣ ቁጥር በርካሽ ጊዜያዊ ይተካል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ማኅበሩ ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበት ዕድር ይመስላል።

እንግዲህ ሒሳቡን እናውጣ። ከ58ቱ ሦስቱ አለቆች፥ አራቱ ዘበኞችና ስምንቱ ጫኞች ቢወጡ 43 ይቀራሉ። ጫኞቹ በፋብሪካው አመራር ሥር ከሆኑ 51 ይሆናሉ። የፈረቃ መሪዎቹ የሥራ መሪ ከተባሉና ጊዜያዊዎቹም ከተተዉ ግን 34 ብቻ ይቀራሉ። በአንድ ግቢ ውስጥ፥ አንድም ሰው ሳይጨመር ሳይቀነስ፥ የአሥራ ሰባት ሰው ልዩነት መጣ። በ1956 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር ቢሆን ኖሮ 51 የሆኑት ማኅበር ያቆማሉ፥ 43 የሆኑት አያቆሙም ነበር።

የሥራ መሪ መባል የማኅበር ጉዳይ ብቻም አይደለም። የሥራ መሪ ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ውጭ ስለሆነ የሚዳኘው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ስለዚህ ለአንድ የማሽን ሠራተኛ ጥቂት ብር ጨምረው «ኃላፊ» የሚል ስም ሲሰጡት፥ ደስ ብሎት ቤተሰቡን ምሳ ይጋብዛል፤ ከሥራ የተሰናበተ ዕለት ግን «አንተ የሥራ መሪ ነበርህ፤ አዋጁ አይመለከትህም» የሚል መከራከሪያ ሊገጥመው ይችላል። በዚያን ጊዜ ሊያስረዳ የሚገባው ስሙን ሳይሆን በእርግጥ ይሠራ የነበረውን ነው፤ ማንን ቀጠረ? ማንን አሰናበተ? በማን ፊርማ?

መምህሮቻችንም በዚህ ነገር ውስጥ አሉበት። በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ስለሚተዳደሩ በዚህ አዋጅ አይደራጁም፤ በግል ትምህርት ቤት ያው ትምህርት የሚያስተምረው ጓደኛቸው ግን ይደራጃል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ42ኛው አንቀጹ፥ የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞችም በማኅበር የመደራጀት መብት እንዳላቸው ይናገራል። የቤት ሠራተኞችም በአዋጁ ውስጥ የሉም።

የመጨረሻው ምሳሌ ከወረታ ነው። በፎገራ ሜዳ ሩዝ ከተስፋፋ ወዲህ በወረታ ሩዝ የሚፈትጉ ብዙ አነስተኛ ቤቶች ተከፍተዋል። ከእነዚህ በአንዱ አሥራ አንድ ሰዎች ተቀጥረዋል እንበል። ባለቤቱ ከአሥራ አንዱ ሁለቱን «ኃላፊ» ብሎ ቢሰይምና ሁለቱም በእርግጥ ሰው የሚቀጥሩና የሚያሰናብቱ ቢሆኑ፥ የቀሩት ዘጠኝ ናቸው፤ በዚያ ቤት ማኅበር ሊቆም አይችልም። ሁለቱ ኃላፊዎች በስም ብቻ ከሆኑ ግን አሥራ አንድ ናቸው፥ ይችላሉ። ዘጠኝ ለቀሩትም ሕጉ ሌላ መንገድ ትቶላቸዋል፤ ከአሥር ያነሱ ሠራተኞች ባሉባቸው ድርጅቶች የሚሠሩ ሰዎች ተሰባስበው፥ አባሎቻቸው ከአሥር ካላነሱ፥ ጠቅላላ የሠራተኞች ማኅበር የሚባለውን ማቋቋም ይችላሉ። ከዚህ ቤት ዘጠኝ፥ ከጎረቤቱ አምስት፥ ከመንገድ ማዶ ሰባት ቢመጡ ሃያ አንድ ይሆናሉ።