ስለ ዴንማርክ ገበሬዎች የወተት ማኅበር

የዴንማርክ ገበሬ እህል ለውጭ አገር እየሸጠ ይኖር ነበር። በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1870 ዓ.ም. ወዲህ ግን ከአሜሪካና ከመስኮብ በባቡርና በመርከብ የመጣው እህል የአውሮፓን ገበያ ስለ ሞላው ዋጋው ወደቀ። ሌሎች መንግሥታት በውጭው እህል ላይ ቀረጥ ሲጨምሩ፥ ዴንማርኮች ርካሹን እህል ለከብት አብልተው ቅቤ ወደ እንግሊዝ መላክን መረጡ።

ነገር ግን መልካም ዋጋ የሚያወጣው ከባለ ርስቶች ቤት የሚወጣው ቅቤ ነበረ። ባለ ርስቶቹ ቀዝቃዛ የወተት ቤትና የሠለጠኑ ሴቶች ነበሯቸው፤ ላሚቱ ስንት እንደ ታለበች፥ ከስንት ወተትም ስንት ቅቤ እንደ ወጣ በመዝገብ ያስጽፉ ነበር። ሦስትና አራት ላም ያለው ገበሬ ግን ቅቤው በየቤቱ ልዩ ልዩ ስለ ሆነ፥ ነጋዴው ቀላቅሎ በርካሽ ይወስድበት ነበር።

እነዚህ ባለ ርስቶች ዕውቀታቸውን እንደ መድኃኒተኛ ሥር ሸሽገው አላስቀሩትም። ሒሳባቸውን በእርሻ መጽሔት አሳተሙ፤ በወተት ቤታቸውም የገበሬ ልጆች ሙያ ተማሩ። ይህ ባይሆን ኋላ የመጣው መኪና ብቻውን ብዙ ባልጠቀመ ነበር።

መኪናው በ1878 ዓ.ም. ስዊድናዊው ዴ ላቫል የሠራው፥ ወተትን በፍጥነት አሽከርክሮ ስልባቦቱን የሚለይ ነው። ቀድሞ ስልባቦቱ እስኪንሳፈፍ ወተቱ ሳይነካ ይቆይ ነበርና በጋሪ የተናወጠ ወተት አይመችም ነበር። በመኪናው ግን የብዙ ቤት ወተት ባንድነት ለመሥራት ተቻለ።

በ1882 ዓ.ም. በምዕራብ ዩትላንድ የዬዲንግ መንደር ገበሬዎች ማኅበር አቆሙ። ማኅበርተኛው ለገበያ የሚተርፈውን ወተት ለማኅበሩ ያገባል፤ ለዕዳው ሁሉም ባንድነት ዋስ ናቸው፤ ትርፉ በወተቱ መጠን ይከፈላል፤ ስልባቦቱ የወጣለትም ወተት ለባለቤቱ ይመለሳል፥ በእነርሱ አገር ዐሣማ ይቀለብበታል። ደንቡን ሌሎች መንደሮች እየገለበጡ ወሰዱት፤ በ1900 ዓ.ም. ከ1,000 የሚበልጡ ማኅበሮች ነበሩ።

ባገራችን ደቦና ወንፈል ጉልበትን ያስተባብራሉ፤ የዴንማርኩ ማኅበር ግን ከጉልበት ይልቅ መዝገብን አስተባበረ። ማኅበር ሊያቋቁም የሚያስብ ሹም ከመኪናው ዋጋ አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው፥ ወተቱን በውሃ የሚያቀጥን ሰው እንዴት እንደሚታወቅ ነው። በዴንማርክ ፍዮርድ የተባለው መምህር የእያንዳንዱን ወተት ቅባት የሚለካ መሣሪያ ስላዘጋጀ፥ ክፍያው በቅባቱ መጠን እንዲሆን ተቻለ።

በ1895 ዓ.ም. ደግሞ በቫየን ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች አዋጥተው አንድ መርማሪ ቀጠሩ። እርሱም ከቤት ወደ ቤት እየዞረ የእያንዳንዲቱን ላም ወተትና ቅባት፥ የበላችውንም መኖ ይመዝን ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ በልታ ጥቂት የምትታለበው ላም ለባለ ጥቂት ከብቱም ገበሬ ተለይታ ታወቀችለት።