ልጆች ይዞ ለሥራ ወደ ጀርመን መዛወር፤ አሠራሩና ቅደም ተከተሉ

ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ለአዲስ ሥራ ከኢትዮጵያ ወደ ጀርመን ሲዛወር የሚያልፍባቸው ደረጃዎች እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። ያለ ሥራ ውል ቪዛ የለም፤ ያለ ቤት የአድራሻ ምዝገባ የለም፤ ያለ ምዝገባ የግብር መለያ ቁጥር አይመጣም፤ ያለ ግብር ቁጥር ደግሞ ደመወዙ ከሚገባው በላይ ይቆረጣል፣ የልጆች ድጎማም አይጀመርም። አብዛኛው እንግልት የሚመጣው ከሥራው ክብደት ሳይሆን የኋላውን ከፊት ከማስቀደም ነው። መጥኖ መደቆስ የሚያስፈልገው ድስቱ ከመጣዱ በፊት ነው።

ደረጃ 1፦ ውሉንና ዲግሪውን መመዘን

የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ላለው ሠራተኛ ዋናው መንገድ የአውሮፓ ኅብረት ብሉ ካርድ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ፈቃዱን ለማግኘት ቢያንስ የ6 ወር የሥራ ውልና በየዓመቱ የሚታደስ ዝቅተኛ የደመወዝ መጠን ያስፈልጋል። መጠኑ እ.ኤ.አ. በ2025 በዓመት 48,300 ዩሮ ነበር፤ በ2026 ወደ 50,700 ዩሮ ከፍ ብሏል። ለሐኪሞች፣ ለመሐንዲሶች፣ ለኮምፒውተር ባለሙያዎችና ለሌሎች የሰው ኃይል እጥረት ላለባቸው ሙያዎች፣ እንዲሁም ከተመረቁ 3 ዓመት ላልሞላቸው ዝቅ ያለ መጠን ተቀምጧል፤ ይህም በ2026 45,934.20 ዩሮ ነው። ውሉ ከመፈረሙ በፊት በውስጡ የተጻፈው ደመወዝ ማመልከቻው በሚገባበት ዓመት ከሚሠራበት መጠን ጋር መነጻጸር አለበት። በታኅሣሥ የሚበቃ ደመወዝ በጥር ላይበቃ ይችላል።

ቀጥሎ የሚጣራው ዲግሪው ነው። አናቢን የተባለው የጀርመን የመረጃ ቋት የየአገሩን ዩኒቨርሲቲዎችና የዲግሪ ዓይነቶች ይዘረዝራል። ዩኒቨርሲቲው ኤች ፕላስ የሚል ምልክት ካለውና የዲግሪው ዓይነትም አቻ ተብሎ ከተመዘገበ፣ ገጹን አትሞ ከማመልከቻው ጋር ማያያዝ ይበቃል። ካልተመዘገበ በቦን ከተማ ከሚገኘው የውጭ አገር ትምህርት ማዕከላዊ ቢሮ የአቻነት ማረጋገጫ ይጠየቃል። ሐኪም፣ ፋርማሲስት ወይም ነርስ የሆነ ሰው ግን በሕግ ቁጥጥር ሥር ያለ ሙያ ስላለው፣ ከዚህ የተለየና ረዘም ያለ የሙያ ፈቃድ ሂደት ይጠብቀዋል።

በውሉ ላይ የሚጻፈው ጠቅላላ ደመወዝ ነው። ከእሱ ላይ የገቢ ግብር፣ የጡረታ፣ የጤና፣ የሥራ አጥነትና የእንክብካቤ መድን መዋጮ ይቀነሳል። ስለዚህ የቤተሰቡ በጀት መሠራት ያለበት እጅ ላይ በሚገባው ገንዘብ ነው።

ደረጃ 2፦ የቤተሰቡን ሰነዶች ማስማማት

እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ፓስፖርት ሊኖረው ይገባል። ከፓስፖርቱ ጋር የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀቶች ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ ይወጣሉ፤ የክርስትና ካርድ ወይም የሆስፒታል ወረቀት ብቻውን አይተካቸውም። ሰነዶቹ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጠውና ተተርጉመው የሚቀርቡበት መንገድ በጀርመን ኤምባሲ የማመልከቻ ዝርዝር ላይ ይገኛል፤ ያንን ነጥብ በነጥብ መከተል ተገቢ ነው።

ሁለት ነገሮች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። የመጀመሪያው ስም ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ የሚገባው የአያት ስም ነው። በመሆኑም የአባት የቤተሰብ ስም የአባቱ አባት ስም ይሆናል፤ የእናት የራሷ አያት፤ የልጅ ደግሞ የአባቱ አባት፣ ማለትም አባትየው ሁለተኛ አድርጎ የሚጠራበት ስም። በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ሰዎች በጀርመን መዝገብ ላይ ሦስት የተለያዩ የቤተሰብ ስሞች ይዘው ይቀርባሉ። ጀርመናዊው የመዝገብ ሠራተኛ ዝምድናውን ከስሙ ሊያነበው አይችልም፤ የሚያነበው ከልደትና ከጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ነው። ስለዚህ የወላጆቹ ስም በልጁ የልደት ወረቀት ላይ በፓስፖርታቸው ላይ እንዳለው በፊደል ሳይዛነፍ በላቲን ፊደል መጻፍ አለበት። አንድ ፊደል የተለየ እንደሆነ ከመጓዝ በፊት ማስተካከል ይሻላል።

ሁለተኛው የቀን አቆጣጠር ነው። መስከረም 5 ቀን 2012 የተወለደ ልጅ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተወለደው ሴፕቴምበር 16 ቀን 2019 ነው። የኢትዮጵያ አዲስ ዓመት ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ይውላል ብሎ ያሰላ ሰው ግን 15 ብሎ ይጽፋል፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግሥት አዲሱ ዓመት በአንድ ቀን ይዘገያልና። ፓስፖርቱ 16 እያለ የክትባት ካርዱ 15 ካለ፣ በእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ማብራሪያ የሚጠይቅ ልዩነት ተፈጠረ ማለት ነው። ሁሉም ወረቀቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው ቀናቸውና ስማቸው ጎን ለጎን ይመሳከር።

ደረጃ 3፦ የቪዛ ማመልከቻ

የሚጠየቀው ቪዛ ለረጅም ቆይታ የሚሰጠው ብሔራዊ ቪዛ ነው። ክፍያው ለአዋቂ 75 ዩሮ፣ ለልጅ የዚያ ግማሽ ነው። ቀጣሪው ስለ ሥራው ዝርዝር የሚሞላው ልዩ ቅጽ ስላለ፣ ከውሉ ጋር አብሮ እንዲልከው ገና ከመነሻው ይጠየቅ። የሠራተኛው፣ የትዳር አጋሩና የልጆቹ ማመልከቻ በአንድ ጊዜ ሊቀርብ ይችላል። የብሉ ካርድ ባለቤት የትዳር አጋር ከመጓዙ በፊት የጀርመንኛ ፈተና ውጤት እንዲያቀርብ አይገደድም፤ ከገባ በኋላም ያለ ገደብ ሥራ መሥራት ይፈቀድለታል። ልጁ ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ የሚጓዝ ከሆነ የሌላው ወላጅ የጽሑፍ ስምምነት ይያያዛል።

እዚህ ላይ ቤተሰቡ አንድ ውሳኔ ይወስናል፦ አብሮ መሄድ ወይስ ሠራተኛው ቀድሞ መሄድ። ቀጣሪው ለመጀመሪያዎቹ ወራት ለቤተሰብ የሚበቃ፣ አድራሻ ለማስመዝገብ የሚፈቅድ ጊዜያዊ ቤት ካዘጋጀ አብሮ መሄዱ ልጆቹን ከመለያየት ያድናል። ቤት ካልተገኘ ግን ሠራተኛው ሁለት ሦስት ወር ቀድሞ ገብቶ ቤት ቢይዝ፣ ሕፃናቱ ከእንግዳ ማረፊያ ወደ እንግዳ ማረፊያ ከመንከራተት ይድናሉ።

ደረጃ 4፦ ገንዘብና ሻንጣ

የመጀመሪያው ደመወዝ የሚገባው ብዙ ጊዜ በወሩ መጨረሻ ነው፤ የቤት ማስያዣው ግን ከዚያ በፊት ይጠየቃል። ማስያዣው በሕግ እስከ 3 ወር ባዶ ኪራይ ሊደርስ ይችላል፤ ተከራዩ በሦስት እኩል ወርኃዊ ክፍያ የመክፈል መብት አለው። ስለዚህ የመጀመሪያ ወር ኪራይ፣ የማስያዣው ቢያንስ አንድ ሦስተኛና የሁለት ወር ቀለብ ከጉዞ በፊት መዘጋጀት አለበት። ቀጣሪው የመዛወሪያ ወጪ ይሸፍን እንደሆነ የሚጠየቀው ውሉ ከመፈረሙ በፊት ነው። 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ጥሬ ገንዘብ ይዞ የሚገባ ሰው ለጉምሩክ የማስታወቅ ግዴታ አለበት።

ሻንጣ ሲዘጋጅ እናቶችና አያቶች የሚያሽጉት ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ ወደ አውሮፓ ኅብረት አይገባም። ከኅብረቱ ውጭ የሚመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በተጓዥ ሻንጣ የተከለከለ በመሆኑ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይወረሳል። በእጅ ሻንጣ የሚያዘው ዋናዎቹ ሰነዶች፣ የልጆቹ የክትባት ካርድ፣ መድኃኒትና ሕፃኑ ካላቀፈው እንቅልፍ የማይወስደው አሻንጉሊት ነው።

ደረጃ 5፦ ቤት መያዝ

በጀርመን የኪራይ ማስታወቂያ ላይ ሁለት ዋጋ ይታያል። ካልት የሚባለው ባዶ ኪራዩ ነው፤ ቫርም የሚባለው የማሞቂያ፣ የውኃና የጋራ አገልግሎት ክፍያ የተደመረበት ነው። መብራትና ኢንተርኔት ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ውጭ ናቸው። ብዙ ቤቶች ያለ ወጥ ቤት ዕቃ ይከራያሉ፤ ምድጃው፣ መደርደሪያው፣ አንዳንዴም የዕቃ ማጠቢያ ገንዳው የቀድሞው ተከራይ ንብረት ስለሆነ ነቅሎት ይሄዳል። ስለዚህ ወጥ ቤቱ ተሟልቶ እንደሚሰጥ በውሉ ላይ መጻፉ ይረጋገጥ። ቤቱን ሳያሳይ፣ ውል ሳይፈረም ገንዘብ ላኩልኝ የሚል አከራይ አጭበርባሪ ነው ብሎ መተው ይገባል።

ደረጃ 6፦ የአድራሻ ምዝገባና የፖስታ ሣጥን

ቤት የገባ ሰው በ2 ሳምንት ውስጥ በከተማው የነዋሪዎች ቢሮ አንሜልዱንግ የሚባለውን ምዝገባ መፈጸም አለበት። ፓስፖርት፣ የጋብቻና የልደት ወረቀቶች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አከራዩ ፈርሞ የሚሰጠው የመኖሪያ ማረጋገጫ ያስፈልጋሉ። በትልልቅ ከተሞች ቀጠሮ ስለሚያጥር፣ የቤቱ ውል እንደተፈረመ ቀጠሮው ይያዝ።

ከምዝገባው በኋላ ነገሮች ሁሉ በደብዳቤ መምጣት ይጀምራሉ፤ የእያንዳንዱ ሰው የግብር መለያ ቁጥር፣ የጤና መድን ካርድ፣ የባንክ ካርድና የምሥጢር ቁጥር። በኢትዮጵያ ደብዳቤ ደጃፍ ድረስ መምጣቱ ያልተለመደ በመሆኑ እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት ተደጋጋሚ ነው። ጀርመናዊው ፖስተኛ የሚያየው የቤት ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን በሣጥኑ ላይ የተለጠፈውን ስም ነው፤ ስሙ ከሌለ ደብዳቤውን ወደ ላኪው ይመልሰዋል። የአባትየው ስም ብቻ ከተለጠፈ፣ በሌላ የቤተሰብ ስም የተላከው የልጁ ደብዳቤ ይመለሳል። በገቡበት ቀን የሁሉንም የቤተሰብ ስሞች ጽፎ በሣጥኑና በበሩ ደወል ላይ መለጠፍ የብዙ ሳምንት መዘግየትን ያስቀራል።

የግብር ቁጥሩ እንደደረሰ ለቀጣሪው ይሰጣል፤ ካልተሰጠ ቀጣሪው ከፍተኛውን ቅናሽ በሚያስከትለው በ6ኛው የግብር መደብ ይቆርጣል። ባለትዳሮች ሁለቱም ጀርመን ሲገቡ፣ አንዱ ብቻ የሚሠራ ከሆነ 3ኛና 5ኛን መደብ ማጣመር በየወሩ እጅ ላይ የሚቀረውን ከፍ ያደርገዋል። ኪንደርጌልድ የሚባለው የልጅ ድጎማም በዚሁ ቁጥር ይጠየቃል፤ በ2026 ለእያንዳንዱ ልጅ በወር 259 ዩሮ ነው። ወደኋላ ተቆጥሮ የሚከፈለው ለ6 ወር ብቻ ስለሆነ ማመልከቻውን ማዘግየት ገንዘብ ማጣት ነው።

የቪዛው ጊዜ ሳያልቅ ብሉ ካርዱንና የቤተሰቡን የመኖሪያ ካርድ ለማግኘት ለውጭ ዜጎች ቢሮ ማመልከትም በምዝገባው ሳምንት የሚጀመር ሥራ ነው።

ደረጃ 7፦ ጤና

ሠራተኛው የሕዝብ ጤና መድን ሲመርጥ፣ ገቢ የሌለው የትዳር አጋሩና ልጆቹ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በእሱ መድን ይሸፈናሉ። የግል መድን ግን ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ያስከፍላል፤ ወደ ሕዝብ መድን መመለስም ቀላል ስላልሆነ፣ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ምርጫው በጥንቃቄ መታየት አለበት።

የሕፃናት ሐኪም ልጁ ሳይታመም ይፈለግ፤ በርካታ ክሊኒኮች አዲስ ታካሚ ለመቀበል ያስጠብቃሉ። ከመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት፣ አንድ ዓመት የሞላው ልጅ ወደ ሕፃናት ማቆያ ለመግባት ቢያንስ አንድ፣ ሁለት ዓመት የሞላው ደግሞ ሁለት የኩፍኝ ክትባት መውሰዱን ያሳያል። በኢትዮጵያ ክትባቱ በ9ኛውና በ15ኛው ወር ስለሚሰጥ፣ ሁለቱም በካርዱ ላይ በጎርጎርዮስ ቀን ተጽፈው መገኘታቸው ከጉዞ በፊት ይታይ።

ደረጃ 8፦ ማቆያና ትምህርት ቤት

ከነሐሴ 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ በማቆያ ቦታ የማግኘት ሕጋዊ መብት አለው። ይሁን እንጂ መብት መኖሩና ቦታ መገኘቱ ለየቅል ናቸው። ኪታ የሚባሉት ማቆያዎች ረጅም የተጠባባቂ ዝርዝር ስላላቸው፣ አድራሻው በታወቀ ማግሥት ለብዙዎቹ ማመልከት ያስፈልጋል። ክፍያው እንደ ክፍለ ግዛቱና እንደ ከተማው ይለያያል።

ቦታ ሲገኝ ልጁን በር ላይ አድርሶ መመለስ የለም። የማለማመጃ ጊዜ አለ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወላጁ ከልጁ ጋር ክፍሉ ውስጥ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው አብረው ይሄዳሉ። ከዚያ ወላጁ ተሰናብቶ ለጥቂት ደቂቃ ይወጣል፤ ልጁ ካለቀሰና ተንከባካቢዋ ልታባብለው ካልቻለች ይጠራል። ደቂቃው ወደ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያም እስከ ምሳና እንቅልፍ ያድጋል። ይህ ብዙ ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ ጀርመንኛ ለማይሰማ ልጅ ደግሞ መቸኮል ጉዳት ነው። ስለዚህ በዚያ ወር ከወላጆቹ አንዱ ከሥራም ከትምህርትም ነፃ እንዲሆን ታስቦ ይታቀድ። ለውኃና ለሽንት ቤት ልጁ የሚጠቀምባቸውን የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል ጽፎ ለተንከባካቢዋ መስጠት ትንሽ ነገር ቢመስልም ልጁን ከብዙ ጭንቀት ያድነዋል።

ስድስት ዓመት ገደማ የሞላው ልጅ በትምህርት ቤት መማር ግዴታው ነው፤ ቤት ውስጥ ማስተማር አይፈቀድም። ጀርመንኛ የማይችሉ ተማሪዎች እንደ ከተማው በመቀበያ ክፍል ወይም በመደበኛው ክፍል ከቋንቋ ድጋፍ ጋር ይመደባሉ። የአንደኛ ክፍል ልጆች በመጀመሪያው ቀን ጣፋጭና እርሳስ የሞላበት ትልቅ የወረቀት ሾጣጣ ይዘው ይሄዳሉ። ይህን ያልሰማ ወላጅ ልጅ ባዶ እጁን ከመሃላቸው ይቆማል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ይዘጋጅለት።

ደረጃ 9፦ የትዳር አጋር፣ ቋንቋና መሠረት መጣል

ሠራተኛው በሥራው በኩል ወዳጅና ቋንቋ ያገኛል፤ ቤት የሚውለው የትዳር አጋር ግን በቀላሉ ይገለላል። አዲስ አበባ በሚገኘው ጎተ ኢንስቲትዩት ከጉዞ በፊት የመጀመሪያውን ደረጃ ማጠናቀቅ፣ ከገቡ በኋላም የውጭ ዜጎች ቢሮ ወደ ውህደት ኮርስ እንዲመራ መጠየቅ ይጠቅማል። መደበኛው ኮርስ 600 ሰዓት ቋንቋና 100 ሰዓት ስለ አገሩ ሕግና ታሪክ ያካትታል። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ የሚያገለግለው ለ6 ወር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የጽሑፍና የተግባር ፈተና ይጠይቃል።

ልጆቹ በማቆያው ጀርመንኛን ሲይዙ አማርኛው ቤት ውስጥ ካልተነገረ በአጭር ጊዜ ይደበዝዛል። ወላጆች ያልጠራ ጀርመንኛ ከሚያስተምሯቸው የጠራ አማርኛ ቢያወርሷቸው ይሻላል። እንደ ኮሎኝና ፍራንክፈርት ባሉ ከተሞች ያሉ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያናትና ማኅበራት ልጆቹ ቋንቋውን ከእኩዮቻቸው አፍ የሚሰሙባቸው ቦታዎች ናቸው።

የብሉ ካርድ ባለቤት የጡረታ መዋጮውን እየከፈለ 27 ወር ከሠራና መሠረታዊ ጀርመንኛ ካለው የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል፤ ቋንቋው ቢ 1 ደረጃ ከደረሰ ጊዜው ወደ 21 ወር ያጥራል። የደመወዝ ደረሰኞች፣ የኪራይ ውሉ፣ የመድንና የምዝገባ ወረቀቶች የሚጠየቁት ያን ጊዜ ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምሮ በቀን ቅደም ተከተል በአንድ ማኅደር ይቀመጡ።