ቀበሌው ወረዳ ሆኗል፤ እድሩ ግን ቦታው ላይ ነው

ከዋሽንግተን፣ ከቶሮንቶ ወይም ከፍራንክፈርት ተመልሰው አዲስ አበባ፣ የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ቤት የያዙ ሰዎች፣ ሻንጣቸውን ሳይፈቱ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፦ «የሰፈሩን ጉዳይ የሚወስነው ማነው? ሐሳብ ያለው ሰውስ የት ሄዶ ይናገራል?» ዋሽንግተን የኖሩ እንደሆነ የሰፈር አማካሪ ኮሚሽኖችን ያውቋቸዋል። ወደ 2,000 የሚጠጋ ነዋሪ አንድ ተወካይ ለሁለት ዓመት ይመርጣል፤ ተወካዩ ደመወዝ የለውም፤ ምክሩ አስገዳጅ ባይሆንም የከተማው መሥሪያ ቤቶች ክብደት እንዲሰጡት ሕግ ያዛቸዋል። የካ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራ አካል አይፈልጉ፤ አያገኙትም። ሥራው ግን አለ፤ ለብዙ እጅ ተከፋፍሎ ነው ያለው።

በመጀመሪያ አድራሻዎን ያጣሩ። ሰዉ እስከ ዛሬ «ቀበሌ ደርሼ ልምጣ» ይላል፤ ሲሄድ የሚያገኘው ግን ወረዳ ነው። ቀበሌ የተወለደው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው የሐምሌ 19 ቀን 1967 አዋጅ ነው። ያኔ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ በከፍተኛ ተደራጀ። በ1995ቱ የከተማዋ ቻርተር ጊዜ ዐሥር ክፍለ ከተሞች ነበሩ፤ ኋላ ቀበሌዎቹ ተዋሕደው ወረዳ ሆኑ፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ ከቦሌና ከየካ ተቆርጦ ለሚ ኩራ የሚባል ዐሥራ አንደኛ ክፍለ ከተማ ተቋቋመ። በዚህ ምክንያት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የገዛ ሰው ስሙን አምኖ የካ ክፍለ ከተማ ቢሄድ ወደ ለሚ ኩራ ይመልሱታል። የአባትዎ ወረቀት ላይ የተጻፈው የከፍተኛና የቀበሌ ቁጥርም ዛሬ በር ላይ የለም። ቢሆንም አይጣሉት፤ አሮጌ መታወቂያ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የግብር ደረሰኝ ሁሉ ይዘው ይሂዱ። ማኅደርዎን የሚፈልገው ሠራተኛ መነሻው እሱ ነው።

ቀጥሎ የትኛው ጉዳይ የት እንደሚያልቅ ይለዩ። የነዋሪነት መታወቂያ፣ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ ወረዳ ነው። ከሌላ ወረዳ ከመጡ ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ ያስፈልግዎታል። የመሬት ጉዳይና የቤት ካርታ ክፍለ ከተማ ነው። ይህን ሳይለዩ አንድ ሳምንት የሚያጠፉ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ከሁለቱ በላይ የከተማው ምክር ቤት አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 የአዲስ አበባ ነዋሪ ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን እንዳለው፣ የከተማው አስተዳደር ደግሞ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ እንደሆነ ደንግጓል። ምክር ቤቱ 138 መቀመጫ አለው፤ ጉባኤውን አፈ ጉባኤ ይመራል፤ ከንቲባውን የሚሰይመውም እሱ ነው። በሰኔ 2013ቱ ምርጫ የተመሠረተው ምክር ቤት ወይዘሮ አዳነች አቤቤን መስከረም 18 ቀን 2014 ከንቲባ አድርጎ መርጧል። ክፍለ ከተማውም ወረዳውም የየራሳቸው ምክር ቤትና ዋና ሥራ አስፈጻሚ እንዲኖራቸው ተደርገው የተዋቀሩ ናቸው። በሚያዝያ 2005 ነዋሪው ለሦስቱም እርከኖች ድምፅ ሰጥቷል፤ በሰኔ 14 ቀን 2013 ግን የቀረቡለት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የከተማው ምክር ቤት ብቻ ነበሩ። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ። የተደፈነ ቦይ ያለበት ሰው የሚያውቀውና መንገድ ላይ የሚያገኘው ተመራጭ የወረዳውን ነው፤ 138ቱን አይደለም።

ታዲያ እርስዎ እዚህ ውስጥ ቦታዎ የት ነው? መልሱ ፓስፖርትዎ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘው የኖሩ ከሆነ ዕድሜዎ 18 ከሞላና በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር ከኖሩ መራጭ ሆነው ይመዘገባሉ። የሌላ አገር ዜግነት ወስደው በቢጫ ካርድ (በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) የሚኖሩ ከሆነ ግን፣ በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ያለ ቪዛና ያለ ሥራ ፈቃድ እንዲኖሩ፣ ቤት እንዲይዙ ይፈቅድልዎታል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይችሉም። ይህን ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል፤ የምክር ቤቱ በር የተዘጋበት ሰው ሌሎቹን በሮች ሳያይ ተስፋ ቆርጦ ሲቀመጥ አይቻለሁና።

ከሌሎቹ በሮች ትልቁ እድር ነው። እድር ፓስፖርት አይጠይቅም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ሽቅብ በሚወጡት ሰፈሮችም፣ ኮተቤ ሜዳው ላይም ለቀብር ብቻ የተቋቋመ የሚመስለው ማኅበር ሰፈሩ የሚመካከርበት ሸንጎ ነው። ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ አለው፤ በመተዳደሪያ ደንብ ይሠራል፤ መዋጮ በየወሩ ይሰበስባል፤ ስብሰባ የቀረ ይቀጣል። ወረዳው ስለ ጸጥታ፣ ስለ ጽዳት፣ ስለ ውኃ ነዋሪውን ማወያየት ሲፈልግ መጀመሪያ የሚጠራቸው የእድር ዳኞችን ነው። ለመግባት የሚያውቅዎት ነባር አባል ቢያቀርብዎት ይቀላል። የመግቢያው ገንዘብ ከፍ ቢል አይደንቅዎት፤ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን ያፈሩት ሌሎች ናቸውና ድርሻዎን እየከፈሉ ነው። እናትዎ ቀድሞ አባል ከነበሩ ደግሞ መዝገቡ ላይ ስማቸው ይፈለግ ብለው ይጠይቁ።

እድሩ ምን እንደሚችል በራሴ ደርሶብኝ አይቻለሁ። ክረምት ላይ ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ ቦዩን ደፍኖ ግቢያችን ይገባ ነበር። ለአንድ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ጽፌ ሰጠሁ፤ ሁለት ወር ተመላለስኩ፤ በመጨረሻ «አልደረሰንም» ተባልኩ። ገቢ መዝገብ ላይ ሳይሰፍር የተቀበሉት ወረቀት ነበርና ማስረጃ አልነበረኝም። ችግሩን የእድር ስብሰባ ላይ ሳነሳ ዳኛው ቃል በቃል ያሉኝ፣ «ልጄ፣ ብቻህን ለምን ሄድክ?» ነው። የእድሩ ማኅተምና የጎረቤቶች ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ተጻፈ፤ ሦስት ሽማግሌዎች ይዘውት ሄዱ፤ ቁጥር ተቀበሉ። ቦዩ ከሚቀጥለው ክረምት በፊት ተጠረገ።

ልጅ ካለዎት ትምህርት ቤቱ የወላጅና የመምህር ኅብረት አለው፤ ጤና ጣቢያውም የማኅበረሰብ ተወካይ የሚቀመጥበት ቦርድ አለው። ኮንዶሚኒየም ከሆኑ በ1995 የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ የባለቤቶች ማኅበር እንዲኖር ያዛል፤ የጋራ መወጣጫው፣ የውኃ ታንከሩ፣ የጥበቃው ጉዳይ የሚወሰነው እዚያ ነው። በየብሎኩና በየቀጠናው የነዋሪ ስብሰባም ይጠራል፤ ቢሄዱ መልካም ነው። እዚያ ሲናገሩ «እኛ አገር» ብለው ሜሪላንድን አይጥሩ። አንድ ጉዳይ ይያዙ፣ ከሽማግሌዎቹ በኋላ ይናገሩ፣ የሚያዋጡት ነገር ካለ አብረው ያቅርቡ።

ቤት ሊገዙ ካሰቡ ደግሞ ከደላላ በፊት የእድር ሽማግሌ ይጠይቁ። እንጦጦ ከ1870ዎቹ ጀምሮ፣ ምኒልክ ከተማቸውን ተራራው ላይ ከቆረቆሩ ወዲህ፣ ዛፉ ሲቆረጥና ሲተከል የኖረ ተራራ ነው። ባሕር ዛፉ የመጣውም የማገዶ እጥረት ስለጠናባቸው ነበር። ዛሬ ተራራው ላይ መስከረም 30 ቀን 2013 የተመረቀው ፓርክ አለ። በኮረብታው ሥር በርካሽ የሚቀርብ ቦታ ለአረንጓዴ የተከለለ ሊሆን ይችላል። የትኛው ይዞታ ነባር እንደሆነ፣ የትኛው ክርክር እንዳለበት ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ። ያሉዎትን ይዘው ክፍለ ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያረጋግጡ።

የተወለዱበት ሰፈር በልማት ተነሥቶ ሊያገኙትም ይችላሉ። በ2016 የመጀመሪያው ዙር የኮሪደር ልማት ከአራት ኪሎ መገናኛ ያለውን መስመር ይጨምር ነበር። ቤትዎ እንዲነሣ ትእዛዝ ከደረሰዎት በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ቅሬታ ለማቅረብ 30 ቀን ይሰጣል፤ ቀኑ የሚቆጠረው ትእዛዙ ከደረሰዎት ጀምሮ ነውና ውጭ አገር ካሉ ወኪልዎ ሥልጣኑ በውክልናው ላይ በግልጽ የተጻፈለት ይሁን። ለሌላ በደል መጀመሪያ የክፍሉን ኃላፊ፣ ቀጥሎ የወረዳውን ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያ ክፍለ ከተማውን ይጠይቁ። ይህ ሁሉ ካልሠራ በ1992 በአዋጅ የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ይቀበላል። በየደረጃው ቀንና ቁጥር ሳይቀበሉ ከመስኮቱ አይነሡ።

ሰፈራቸው ከተነሣ በኋላ ርቀው ሄደውም በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ታክሲ ይዘው ለእድራቸው መዋጮ የሚመለሱ ሰዎች አሉ። እርስዎ እዚያው ሰፈሩ ውስጥ ነዎት። የመጀመሪያው ወር ሳያልቅ የእድሩን ጸሐፊ ቤት ይጠይቁና መግቢያዎን ይክፈሉ።