የመኝታ ቤት ተክል አየር ያጸዳል? እንቅልፍስ ያመጣል?

መግቢያ

እንደሚታወቀው በከተማችን ቤት ውስጥ ተክል ማስቀመጥ በጣም እየተለመደ መጥቷል። በየመንገዱ ዳር ችግኝ የሚሸጡ ልጆች ገዢ ሲመጣላቸው «ይሄኛው አየር ያጸዳል»፣ «ይሄን መኝታ ቤት ብታስገቢው እንቅልፍሽ ይስተካከላል» ይላሉ። በሬዲዮ የጤና ፕሮግራሞችና በመጽሔቶች ላይም ተመሳሳይ ምክር ይሰማል። በሌላ በኩል ትልልቆቻችን «ተክል ሌሊት ትንፋሽ ይሻማል፣ ከመኝታ ክፍል አውጡት» ሲሉ ነው ያደግነው።

ሁለቱ አባባሎች ተቃራኒ ናቸው። አንዱ ተክል ሌሊት ይጠቅማል ይላል፣ ሌላው ይጎዳል ይላል። ሁለቱም ግን በሙሉ እርግጠኝነት ነው የሚነገሩት። ለጋዜጠኝነት ተማሪ እንዲህ ዓይነት ነገር ጥሩ የቤት ሥራ ነው። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ አባባሎቹ ከየት እንደመጡ፣ ሲመረመሩ ምን እንደሚሆኑ፣ የመኝታ ቤትን አየር በእውነት የሚለውጠው ምን እንደሆነና ተክል መግዛት የሚፈልግ ሰው እንዴት መምረጥ እንዳለበት አቀርባለሁ።

ተክል ሌሊት ትንፋሽ ይሻማል?

በስምንተኛ ክፍል ሳይንስ የተማርነውን እናስታውስ። ተክል ብርሃን ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ምግቡን ይሠራል፣ ኦክስጅንም ያወጣል። ይህ ብርሃን አስተፃምሮ ይባላል። ተክል ግን እንደ እኛ ይተነፍሳልም። በጨለማ ብርሃን አስተፃምሮው ሲቆም መተንፈሱ ይቀጥላል፤ ማለትም ኦክስጅን ይወስዳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ስለዚህ የትልልቆቹ አባባል መሠረት የለውም ማለት አይቻልም።

ጥያቄው «ምን ያህል?» የሚለው ነው። አንድ የተኛ አዋቂ ሰው በሰዓት ወደ 10 ሊትር ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። በአንድ የአበባ ዕቃ ውስጥ ያለ ተክል ሌሊቱን የሚያወጣው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ትንፋሽ ይሻማል ተብሎ ተክሉ የሚወጣ ከሆነማ፣ ከሱ በፊት መባረር ያለበት አብሮን የሚተኛው ወንድማችን ነው!

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሳ ሌላ ነገር አለ። «እሬትና ሳንሲቬሪያ ሌሊት ኦክስጅን ይሰጣሉ» ይባላል። (ሳንሲቬሪያ ያቺ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብላ የምትወጣው፣ ጠርዟ ብዙ ጊዜ ቢጫ የሆነው ነች።) እውነቱ በከፊል ነው። እነዚህ ተክሎች የደረቅ አገር ተክሎች በመሆናቸው ውሃ እንዳይባክንባቸው የቅጠላቸውን ቀዳዳዎች ቀን ዘግተው ሌሊት ይከፍታሉ። በዚያን ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስደው ለቀን ያስቀምጣሉ። ኦክስጅን የሚሠራው ግን በብርሃን ብቻ ነው። ሌሊት የሚወስዱት ካርቦን ዳይኦክሳይድም ቢሆን አንድ ሰው ከሚያወጣው አንጻር በጣም ጥቂት ነው። እንግዲህ ፍርሃቱም ተስፋውም የሚወድቁት በአንድ ምክንያት ነው፤ መጠኑ ትንሽ ነው።

«ናሳ ያረጋገጠው»

አየር ያጸዳል የሚለው አባባል ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ከአንድ የአሜሪካ የአትክልት ሥራ ተቋራጮች ማኅበር ጋር በመተባበር አንድ ዘገባ አወጣ። ጥናቱን የመሩት ዶክተር ዎልቨርተን የሚባሉ ሳይንቲስት ናቸው። ዓላማው ለጠፈር መንኮራኩር የሚሆን፣ በታሸገ ቦታ አየር የሚያጸዳ ዘዴ መፈለግ ነበር። ተመራማሪዎቹ ተክሎችን በታሸጉ ትናንሽ የፕላስቲክ ሳጥኖች ውስጥ አስገብተው ቤንዚን፣ ፎርማልዴሃይድና ትራይክሎሮኢታይሊን የሚባሉ ኬሚካሎችን ለቀቁባቸው። (ይህ ቤንዚን መኪና የሚሞላው ነዳጅ ሳይሆን ነዳጅና ቀለም ውስጥ የሚገኝ ኬሚካል ነው።) ከ24 ሰዓት በኋላ ሲለካ የኬሚካሎቹ መጠን ቀንሶ ተገኘ።

ጥናቱ ውሸት አይደለም። ችግሩ ያለው ከሳጥኑ ወደ መኝታ ቤት ስንሸጋገር ነው። ሳጥኑ ትንሽ ነው፣ ታሽጓል፣ ተክሉ ሙሉ ቀን ያለ ተፎካካሪ ይሠራል። ቤት ግን በበሩ ሥር፣ በመስኮቱ ክፍተት፣ በጣሪያው በኩል ሁልጊዜ አየር ያስገባል፣ ያስወጣል። ተክሉ ቀስ ብሎ አንድ እጅ ሳያነሳ የውጭው አየር ብዙ እጥፍ ይዞ ይሄዳል።

ይህንን በቁጥር ያስቀመጡት በአሜሪካ ድሬክስል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ከሚንግስና ዌሪንግ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጽሑፍ ቀደም ሲል የታተሙ 12 ጥናቶችን፣ በውስጣቸው ያሉትን 196 ሙከራዎች ሰብስበው እንደገና አሰሉ። ውጤቱ፦ ተራ የአየር መመላለስ የሚሠራውን ያህል ለማጽዳት በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1,000 ተክል ያስፈልጋል። 3 በ4 ሜትር የሆነች መኝታ ቤት ብንወስድ 12 ካሬ ሜትር ነች። በትንሹ ግምት 120 ተክል፣ በትልቁ 12,000 ማለት ነው። በ120ውም ቢሆን አልጋው የት ሊቀመጥ ነው?

ይህ ለምን ያሳስበናል?

አንድ ሰው «ታዲያ ተክል ባያጸዳስ ማንን ጎዳ? ቆንጆ ነው፣ ይቀመጥ» ሊል ይችላል። እኔም ሀሳቡን እንዲህ ብዬ ልተወው ነበር፣ የአክስቴን ቤት ባላይ ኖሮ።

አክስቴ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አላት፤ አስም አለበት። ባለፈው ክረምት ተክል አየር ያጸዳል ሲባል ሰምታ ሦስት ተክል ገዝታ ልጁ የሚተኛበት ክፍል አስቀመጠች። ክፍሉ ውስጥ ግን ማታ ማታ የከሰል ምድጃ ይገባል፤ ለቡናም ነው፣ ለብርድም ነው። መስኮቱ ደግሞ «ንፋስ እንዳይመታው» ተብሎ ቀን ከሌት ዝግ ነው። ስለ ከሰሉ ሳነሳባት «ልጄ፣ ጭሱ እኮ ውጪ አልቋል፤ ቤት የገባው ፍሙ ነው» አለችኝ። «አክስቴ፣ ፍሙም እኮ የማይታይ ጋዝ አለው» አልኳት። «አበባዎቹ ታዲያ ምን ይሠራሉ?» ብላ መለሰችልኝ።

ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህች መልስ ውስጥ ነው። ከሰል ጭሱ አልቆ ቀይ ፍም ከሆነ በኋላም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል ይዞ ለኦክስጅን ቦታ ያሳጣዋል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይጀምራል፤ ሰው ተኝቶ ከሆነ ግን ምልክቱን ሳያውቅ ሊሞት ይችላል። በክረምት ከሰል ይዘው ተኝተው ስላልተነሱ ሰዎች በየጊዜው የምንሰማው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ቤት ውስጥ በሚነድ እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና በመሳሰሉት ምክንያት በተበከለ አየር ሞተዋል። ሦስት ተክል ከዚህ አያድንም። እንዲያውም «አየሩ ይጸዳል» የሚል መተማመን ፈጥሮ መስኮቱ ተዘግቶ እንዲቆይ ካደረገ ተክሉ በተዘዋዋሪ ጎጂ ሆነ ማለት ነው።

አሁን አክስቴ ምድጃውን በረንዳ ላይ ትታ ነው ቡና የምታፈላው። መስኮቱም ቀን ቀን ይከፈታል። ልጁ የሐኪም መድኃኒቱን አላቋረጠም። ተክሎቹ ግን አልወጡም፤ ውሃ ማጠጣቱን እሱ ይወደዋል።

እንቅልፍን የሚለውጠው አየር

የመኝታ ቤት አየር ከእንቅልፍ ጋር ግንኙነት የለውም ማለቴ ግን አይደለም። አለው። እስቲ ያችኑ 3 በ4 ክፍል እንውሰድ፤ ቁመቷ 2 ሜትር ተኩል ቢሆን 30,000 ሊትር አየር ትይዛለች። አንድ ሰው 8 ሰዓት ሲተኛ 80 ሊትር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። የውጭ አየር ከሚሊዮኑ እጅ 420 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ክፍሉ ሙሉ በሙሉ ቢታሸግ በጠዋት ከ3,000 ያልፋል ማለት ነው። በዶርም ስድስት ሆነን ስንተኛ ምን እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ያስላው። በእርግጥ ምንም ክፍል ሙሉ በሙሉ አይታሸግም፤ አቅጣጫው ግን ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 በዴንማርክ የወጣ አንድ ጥናት የተሠራው እንደኛው የዶርም ተማሪዎች ላይ ነው፤ ልዩነቱ እነሱ አንድ ክፍል ለአንድ ሰው መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ 14 ተማሪዎች አንድ ሳምንት መስኮት ዘግተው፣ አንድ ሳምንት ከፍተው ተኙ። ሲዘጋ አማካዩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 2,585፣ ሲከፈት 660 ሆነ። በሁለተኛው ሙከራ ለ16 ተማሪዎች ድምፅ የሌለው ማራገቢያ ተገጠመ። አየሩ ሲሻሻል የእንቅልፋቸው ጥራት ተሻሻለ፤ በማግስቱም ድብታቸው ቀነሰ፣ ትኩረታቸው ጨመረ፣ በተሰጣቸው የማሰብ ፈተናም የተሻለ ሠሩ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ተሳታፊዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ይህ መዘንጋት የለበትም። ቢሆንም ለውጡን ያመጣው ተክል ሳይሆን የውጭ አየር ነው።

በአገራችን ንፋስ መፍራት የተለመደ ነው። በታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን እንደ ሳንባ ነቀርሳ ያሉ በአየር የሚተላለፉ በሽታዎችም የሚመቻቸው የተዘጋና ሰው የበዛበት ቦታ ነው። ብርድ ካለ ብርድ ልብስ መጨመር፣ ትንኝ ካለ አጎበር ወይም ወንፊት ሽቦ መጠቀም ይቻላል። ሌባ የሚያሰጋ ከሆነ ደግሞ ከመተኛት በፊት ለግማሽ ሰዓት ከፍቶ አየር መለዋወጥ ምንም ካለማድረግ ይሻላል።

ተክል ለሚመርጥ ሰው

እንግዲህ ተክል ለመኝታ ቤት አይሆንም ወይ? ይሆናል። ዓይን ያሳርፋል፣ ክፍሉን ሕይወት ይሰጠዋል፣ መንከባከቡም ለብዙ ሰው እረፍት ነው። ይህ ራሱን የቻለ ምክንያት ነው፤ የሳይንስ ካባ መደረብ አያስፈልገውም። ሲመረጥ የሚከተሉትን ማየት ጥሩ ነው።

1ኛ. ብርሃን፦ መኝታ ቤት ብዙ ጊዜ ጨለም ይላል። ሳንሲቬሪያ ትንሽ ብርሃን ትችላለች። እሬት ግን መስኮት አጠገብ ይፈልጋል። ጤና አዳምና በሶብላ የፀሐይ ተክሎች ስለሆኑ በረንዳ ላይ ይሻላቸዋል።

2ኛ. ውሃ፦ ሁልጊዜ የረጠበ አፈር ሻጋታ ያወጣል፤ ሻጋታ ደግሞ አስም ላለበት ሰው ጠንቅ ነው። አፈሩ በጣት ሲነካ ደርቆ ከሆነ ነው ማጠጣት። ከሥሩ ባለው ሳህን ውሃ እንዲቆይ አይደረግ። የደንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ እንዲህ ባለ ጥቂት ውሃ ውስጥ ትራባለች፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በሽታው በድሬዳዋ ተከስቶ ነበር።

3ኛ. መርዛማነት፦ ሰፊ ነጠብጣብ ቅጠል ያለው ዲፌንባኪያ ቢታኘክ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ያሳብጣል። ሕፃን ወይም ድመት ባለበት ቤት ባይገባ ይመረጣል።

4ኛ. ሽታ፦ ጠንካራ ሽታ ያላቸው አበቦች አንዳንዱን ያዝናናሉ፣ ሌላውን ራሱን ያሳምማሉ። አብሮ የሚተኛውን መጠየቅ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ርዕስ እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ምን እንማራለን? በኔ አመለካከት «ጥናት አረጋገጠ» የሚል ዜና ሲመጣልን ሦስት ጥያቄ መጠየቅ አለብን። አንደኛ፣ የተለካው የት ነው? በሳጥን ነው ወይስ በቤት? ሁለተኛ፣ ምን ያህል? «ይቀንሳል» የሚል ግስ ያለ ቁጥር ምንም አይነግረንም። ሦስተኛ፣ በጥናቱ ውስጥ ማን አለ? በ1989ኙ ዘገባ ውስጥ የአትክልት ተቋራጮች ማኅበር መኖሩ ውጤቱን ውሸት አያደርገውም፤ አንባቢ ግን ማወቅ ይገባዋል።

አንድ አራተኛም እጨምራለሁ፦ ይህንን የሰማ ሰው ቤቱ ሄዶ ምን ያደርጋል? «አምስት አየር የሚያጸዱ ተክሎች» ብለን ስንጽፍ አንድ አንባቢ ቤቱን ያሳምራል፤ ሌላዋ ግን ከሰሉን አስገብታ መስኮቱን ዘግታ ልጇን ታስተኛለች። ቃሉ አንድ ነው፣ የሚደርስበት ቤት ግን ይለያያል። ስለ መኝታ ቤት አየር አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እንድንጽፍ ቢፈቀድልን፣ «ከሰሉን አውጡ፣ መስኮቱን ክፈቱ» ብንል ይበቃል። ተክሉ ከዚያ በኋላ ይምጣ።