«ቻርጅ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከነአጠቃቀሙ እንዴት እንማር?

«ቻርጅ» ሲባል ሰምቶ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ይከብዳል። ስልኩ ሊዘጋበት የደረሰ ሰው «ቻርጅ አለህ?» ይላል። ሆስፒታል ተኝቶ የነበረ ዘመድ «ዲስቻርጅ ሆነ» ይባላል። ፍርድ ቤት የቀረበ ሰው የክስ ቻርጅ ይደርሰዋል፤ የፊዚክስ መምህሩም ስለ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ቻርጅ ያስተምራል። ይሁንና «ዩ ሃቭ ቢን ቻርጅድ» የሚል ጽሑፍ ድንገት ስልካችን ላይ ቢመጣ፣ ገንዘብ ተቆረጠብን ወይስ ክስ ተመሠረተብን ብለን መደናገጣችን አይቀርም። ቃሉን ለምደነዋል እንጂ አልተማርነውም። ስለዚህ ይህንኑ ቃል ይዘን ብዙ ትርጉም ያለው ቃል እንዴት እንደሚጠና በየደረጃው እንመልከት። ሌላ ቃል ሲያጋጥምዎም መንገዱ ያው ነው።

መጀመሪያ ቃሉን ብቻውን አይጻፉት። ያገኙበትን ዐረፍተ ነገር እንዳለ ደብተር ላይ ይገልብጡና መዝገበ ቃላት ሳይከፍቱ ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ ቃሉ እዚህ ቦታ ስም ነው ወይስ ግሥ? ከኋላው የተከተለው ትንሽ ቃልስ የትኛው ነው? ከላይ ያለው አስደንጋጭ መልእክት የሚፈታው በዚህ ነው። «ቻርጅድ ፎር» ከሆነ ነገሩ የገንዘብ ነው፤ «ቻርጅድ ዊዝ» ከሆነ ደግሞ የወንጀል ክስ ነው። ጠበቃ መፈለግ አለመፈለግዎ በዚያች ትንሽ ቃል ይወሰናል።

ቀጥለው ለቋንቋ ተማሪዎች የተዘጋጀ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ይክፈቱ። የዚህ ዓይነቱን መዝገበ ቃላት መንገድ ከጠረጉት አንዱ በጃፓን እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረው ኤ ኤስ ሆርንቢ ነው፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1942 ቶኪዮ ላይ ከታተመ በኋላ ኦክስፎርድ ወስዶ አሳትሞታል። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ሎንግማን ፍቺዎቹን ሁሉ 2000 ገደማ በሆኑ ቀላል ቃላት ይሰጣል። የ1987ቱ ኮቢልድ ደግሞ በሙሉ ዐረፍተ ነገር ያስረዳል። ለጀማሪ ሎንግማንን እመርጣለሁ። ሲያነቡ ቁጥር 1 ላይ አይቁሙ፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው የመጀመሪያውን ፍቺ ይዞ ስለሚሄድ ነው። ከፍቺው ጎን ስሙ የሚቆጠር ይሁን የማይቆጠር የሚያሳየውን ምልክትም ልብ ይበሉ። «ክስ» ሲሆን ይቆጠራል፤ «ኢን ቻርጅ» በሚለው ውስጥ ኃላፊነት ሲሆን ግን አይቆጠርም።

አሁን ትርጉሞቹ ተበታትነው ይታዩዎታል፤ ማስከፈል፣ መክሰስ፣ ባትሪ መሙላት፣ ኃላፊነት፣ ተንደርድሮ ማጥቃት። እነዚህን ለየብቻ መሸምደድ አድካሚ ነው። የሚያቀለው ሥሩን መፈለግ ነው። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከድሮ ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ፈረንሳይኛው የወሰደው «ካሪካሬ» ከሚለው የኋለኛው ዘመን ላቲን ነው፤ ፍቺውም ጋሪ ላይ መጫን ነው። አየር መንገድ አካባቢ የምንሰማው «ካርጎ» እና መኪና ማለት የሆነው «ካር» የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው።

«መጫን»ን ይዘው ዝርዝሩን እንደገና ይመልከቱ። ደንበኛው ላይ ክፍያ ይጫናል፤ ተጠርጣሪው ላይ ክስ፣ አለቃው ላይ ኃላፊነት ይጫናል። ጠመንጃና መድፍ ውስጥ የሚጎረሰው ባሩድም «ቻርጅ» ይባል ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እነ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ኤሌክትሪክን ሲመራመሩ ቃሉን ወደዚያ አሻገሩት፤ ዛሬ ስልካችን የሚሞላው በዚሁ ስም ነው። የተቆጣ ኮርማ ተንደርድሮ መምጣቱም ቃሉን ያገኘው ከጦር መሣሪያው ወገን ሳይሆን አይቀርም። በኤምባሲ ቋንቋ «ሻርዤ ዳፌር» የሚባለው ዲፕሎማትም ቃል በቃል ጉዳይ የተጫነበት ሰው ነው፤ እኛ ጉዳይ ፈጻሚ እንለዋለን። አማርኛም «ዕዳ ጫነበት»፣ «ኃላፊነት ተጫነበት» ስለሚል፣ ይህ መንገድ ለአማርኛ ተናጋሪ የበለጠ ይቀናል። ሥሩ የሚጠቅመው ግን ለማስታወስ ነው፤ አዲስ ትርጉም ለመገመት ብቻውን አይታመንም።

ከዚያ ቃሉ ከየትኞቹ ቃላት ጋር እንደሚሄድ ይሰብስቡ። ለእኔ ትልቁ ሥራ ይህ ነው። «ቻርጅ» ገንዘብ ሲሆን የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ሻጩ ወይም ድርጅቱ እንጂ ዕቃው አይደለም፤ ቦርሳው «ኮስት» ያደርጋል፣ ባለሱቁ «ቻርጅ» ያደርጋል። ክስ ሲሆን «ቻርጅድ ዊዝ» ይባላል፤ ወንድሙ «አኪዩዝድ» ግን «ኦፍ»ን ይፈልጋል። ሁለቱን ማደበላለቅ የተለመደ ስሕተት ነው። በዜና «ቻርጅድ» የተባለ ሰው ተከሰሰ እንጂ አልተፈረደበትም። «ፍሪ ኦፍ ቻርጅ» ያለ ክፍያ ማለት ነው፤ መሐሉ ላይ «ኤ» አይገባም። አሜሪካ ያለ ገንዘብ ተቀባይ «ካሽ ኦር ቻርጅ?» ቢልዎ በጥሬ ገንዘብ ነው ወይስ በክሬዲት ካርድ ማለቱ ነው።

አንዲት «ዘ» ደግሞ ነገሩን ትገለብጠዋለች። «ዘ ነርስ ኢን ቻርጅ ኦፍ ዘ ችልድረን» ሲባል ኃላፊዋ ነርሷ ናት። «ዘ ችልድረን ኢን ዘ ቻርጅ ኦፍ ዘ ነርስ» ሲባልም ኃላፊዋ እሷው ናት፤ ልዩነቱ ከ«ኢን» ፊት የሚቀመጠው አንዴ ጠባቂዋ፣ አንዴ ተጠባቂዎቹ መሆናቸው ነው። «ዘ»ን ረስተው «ዘ ችልድረን ኢን ቻርጅ ኦፍ ዘ ነርስ» ካሉ ልጆቹን በነርሷ ላይ ሾሙ።

ወደ አማርኛው መዝገበ ቃላት መሄድ የሚሻለው እዚህ ላይ ነው። የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ እንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት እና የቮልፍ ሌስላው ሥራ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1973 ታትመዋል። የሌስላው ለዚህ ዓይነት ጥናት ይመረጣል፤ ቃሉን በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ የአማርኛ አቻውን ስለሚሰጥ «አስከፈለ»ን እና «ከሰሰ»ን ያለየቦታቸው አያስቀምጡም።

ከአማርኛ የሚመጣውንም ወጥመድ ይወቁ። እኛ የስልክ መሙያ መሣሪያውንም «ቻርጅ» እንለዋለን፤ እንግሊዝኛ የሚያውቀው «ቻርጀር» ነው። አጠራሩ ግን ቀላል ነው፤ ያለፈው ጊዜ «ቻርጅድ» እንጂ «ቻርጄድ» አይደለም።

በመጨረሻ ለየትርጉሙ ከራስዎ ኑሮ አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፤ የቤት ኪራይ፣ የባትሪ፣ የሥራ ቦታ ኃላፊ። በማግስቱ ትርጉሙን ሸፍነው ራስዎን ይፈትኑ፤ ከዚያ ከሦስት ቀን፣ ከሳምንት፣ ከወር በኋላ ይድገሙት። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 እንዳሳየው የተማርነው ነገር በብዛት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፤ ስለዚህ የማግስቱን ክለሳ አይዝለሉ።

«ቻርጅ» ሲደላደል ወደ «ዲስቻርጅ» ይለፉ። ሆስፒታሉ በሽተኛውን፣ ጦሩ ወታደሩን፣ ፋብሪካው ፍሳሹን «ዲስቻርጅ» ሲያደርግ የተጫነውን እያወረደ ነው። ፍርድ ቤት ተከሳሽን «ዲስቻርጅ» አደረገ የሚል ዜና ሲያነቡ ምን እንደወረደለት መዝገበ ቃላት ሳይከፍቱ መጀመሪያ በራስዎ ይሞክሩት፤ ከዚያ ከፍተው ያመሳክሩ።