ለአንድ ዓይን ብቻ የሚታዘዝ ሸቀጥ፤ ስለ ስክሌራል ሌንስ የሕክምና ጥቅም

ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ጠባይ ጠንቅቆ ማወቅ ይገባዋል። ጨርቅ ቢበላሽ ኪሣራው የገንዘብ ነው፤ በዓይን ላይ የሚቀመጥ ዕቃ ቢበላሽ ግን ኪሣራው የሰው ብርሃን ነው። ስለዚህ ስክሌራል ሌንስ የተባለውን የዓይን መሣሪያ ለማስመጣት የሚያስብ ሁሉ ሥራውን አስቀድሞ ሊረዳው ይገባል።

ምንነቱ። ተራው ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ ስፋቱ 9 ወይም 10 ሚሊሜትር ያህል ሆኖ በኮርኒያ ላይ፥ ይኸውም በዓይን ፊት ባለው ጥርት ያለ ሽፋን ላይ ይቀመጣል። ስክሌራል ሌንስ ግን 15 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ስለሚሰፋ ጠርዙ በዓይን ነጭ ላይ ያርፋል። መካከሉ ኮርኒያውን ሳይነካ እንደ ጣራ ይሸፍነዋል፤ ክፍተቱም ንጹሕ የጨው ውሃ፥ ማለት ሳላይን ይይዛል።

አመጣጡ። በ1888 እ. ኤ. አ. አዶልፍ ፊክ የተባለው ሐኪም በዙሪክ ከመስተዋት የተሠራውን ሌንስ አስታወቀ። ነገር ግን ኮርኒያ ኦክስጅኑን የሚያገኘው በይበልጥ ከአየር ሲሆን መስተዋት አየር ስለማያሳልፍ፥ ሰው ከጥቂት ሰዓት በላይ ሊታገሠው አልቻለም። በኋላ የመጣው ፕላስቲክም ቢቀል ያው አየር የማያሳልፍ ነበር። በ1983 እ. ኤ. አ. የአውስትራልያው ዶን ኢዝኪኤል አየር ከሚያሳልፍ ፕላስቲክ የተሠራውን ስክሌራል ሌንስ ካስታወቀ ወዲህ መሣሪያው ለሕክምና ተመቸ።

ጥቅሙ። አንደኛ፥ ኬራቶኮነስ በተባለው ደዌ ኮርኒያው ሳስቶ እንደ ሾጣጣ ቆብ ሲወጣ መነጽር አያቃናውም፤ ሌንሱና ውሃው ግን አዲስ ለስላሳ ገጽ ሆነው እይታን ያስተካክላሉ። ጠባሳ ለያዘው ወይም ኮርኒያ ለተተካለት ዓይንም እንዲሁ። በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ በ2003 እ. ኤ. አ. ከተቋቋመ ወዲህ የኮርኒያ መተካት ሕክምና በአገር ውስጥ በተለገሰ ኮርኒያ ይከናወናል፤ በሌንስ የሚረዳ ሕመምተኛ ቢኖር የተለገሰው ኮርኒያ ሌላ መፍትሔ ለሌለው ይተርፋል። ሁለተኛ፥ እንባው ለደረቀበት፥ ወይም ከመድኃኒት አለመስማማት በሚነሣው በስቲቨንስ ጆንሰን ደዌ ዓይኑ ለተጎዳ ሰው ውሃው ቀኑን ሙሉ ኮርኒያውን ያረጥበዋል። ሦስተኛ፥ ቆቡ አልከደን ያለውን ዓይን ከአቧራና ከነፋስ ይጠብቃል። ሆኖም በትራኮማ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት ዓይንን ሲፋቅ መፍትሔው የቆብ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ሌንስ ሊተካው አይችልም።

የነጋዴው ድርሻ። ይህ ሸቀጥ በመደርደሪያ ተከምሮ አይሸጥም። ሐኪሙ በመሞከሪያ ሌንሶች የእያንዳንዱን ዓይን ቅርጽ ለይቶ ያዛል፤ የቀኙ ለግራው አይሆንም። ስለዚህ አስመጪው ከሌንሱ ጋር የመሞከሪያውን ስብስብ፥ መከላከያ ኬሚካል የሌለበትን ሳላይን፥ የማጠቢያውን ፈሳሽና ሌንሱን ማስገቢያና ማውጫ የሆነውን ትንሽ የጎማ መሳቢያ ማቅረብ አለበት። ሳላይኑ ካለቀ ሌንሱ ዋጋ የለውም። በቧንቧ ውሃ መሙላትም ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ በውሃ ውስጥ የሚኖረው አካንታሜባ የተባለ ረቂቅ ነፍሳት ኮርኒያውን በልቶ ሊያሳውር ይችላልና። የሕክምና መሣሪያን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ስለ ሆነ ሥራው ያለ ፈቃድ የሚሞከር አይደለም።

ነገሩን ለመመዘን ቃሊቲን ማሰብ ይበቃል። ከውጭ የመጣ ዕቃ በዚያ ባለው ጉምሩክ ሲያልፍ፥ በዚያው ሰፈር ስሙ የታወቀ ማረሚያ ቤት አለ። ሌንስ የሚያደርግ ታራሚ ቢኖር ጠዋት በታጠበ እጅ ማድረግ፥ ማታ ማውጣት፥ በየቀኑም አዲስ ሳላይን ማግኘት ያስፈልገዋል፤ ራሱ ግን ወጥቶ ከመደብር ሊገዛ አይችልም። በ1987 ዓ. ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ከሐኪም ጋር እንዲገናኝ መብት ይሰጠዋል፤ ሐኪሙ ያዘዘው ፈሳሽ ግን በገበያ ከጠፋ ማዘዙ ብቻ ዓይኑን አያድንለትም። በገጠር ከመደብር ርቆ የሚኖረውም ሰው ችግሩ ይኸው ነው።

እንግዲህ በዚህ ንግድ መልካም ስም የሚያተርፈው ሌንሱን አንድ ጊዜ የሸጠው ሳይሆን ፈሳሹን ሳያቋርጥ ያቀረበው ነው። ለመጀመሪያው ሌንስ ትእዛዝ ከመጻፉ በፊት አስመጪው ለቀጣዩ ዓመት የሚበቃውን ሳላይን ከየት እንደሚያመጣ ይወስን።